የእናቴ የበኩር ልጅ

እናቴ ከእኔ በፊት ሌላ ልጅ እንዳላት ያወቅሁት በስምንት ዓመቴ ነው። ያወቅሁትም በማላውቀው ሰው ግቢ ውስጥ፣ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ እየጮኸብኝ፣ በእናቴ ቀሚስ ሥር ተሸጉጬ ነው።

ትምህርት ቤት ስላልነበረ ይዛኝ ወጥታ ነበር። ከእኛ ጋር እንደ መብራት ምሰሶ የረዘመች፣ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው የጨነቃት አንዲት ወጣት አለች። ስሟን ነግረውኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ካየኋት ደቂቃ ጀምሮ በሆዴ «ረጅሟ» ብያታለሁ፤ እስከ ዛሬም ሌላ ስም አላወጣሁላትም። የግቢው ባለቤት አንገቱን በፎጣ እያበሰ ከጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል አሳየን። ኮርኒሷ በዝናብ ቡናማ ሆኖ አብጧል። እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች፤ መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች።

«ለማን ነው ክፍሉ?» አለ ሰውዬው።

«ለእሷ።»

«ብቻዋን?» ረጅሟን ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ አይቶ ለመጨረስም ጊዜ ወሰደበት። «ወላጅ የላትም እንዴ? እኔ ወላጅ ለሌላት ልጅ አላከራይም። ዛሬ አንድ ሆና ትገባለች፣ ነገ አምስት ሆና ታድርብኛለች።»

እናቴ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ «ለምን አይኖራትም! እናቷ እኔ ነኝ። የበኩር ልጄ ናት» አለችው።

ሰውዬው ግን ቤቱን ለዘመድ ቃል ገብቼዋለሁ ብሎ ሸኘን። እኔ «በኩር» የሚለውን ቃል ሰምቼው አላውቅም። «ልጄ» የሚለውን ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነበራ! እናቴን ለምን እንዳልጠየቅኋት አሁን ሳስበው የፈራሁት «አዎ» እንዳትለኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ጥያቄዬን ይዤ ወደ አባቴ ሄድኩ።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁሌም በእሱ አውቶቡስ፣ ከወንበሩ ጀርባ ካለችው መቀመጫ ላይ ነበር የምቀመጠው። አንገቱን ቀና አድርጎ በመስታወቱ ሲያየኝ ጠብቄ ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ በኩር ማለት ምን ማለት ነው?»

«መጀመሪያ የተወለደ ልጅ። ለምሳሌ አንቺ።»

«እኔ?»

«አዎ። የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጄ አንቺ ነሽ» ብሎ ሳቀና ማርሹን ቀየረ።

 ነገሩ ገባኝ፤ አባቴ ምስኪኑ አያውቅም። እናቴ እኔን ከመውለዷ በፊት ያቺን ምሰሶ የምታህል ልጅ ወልዳ የሆነ ቦታ ደብቃታለች፤ አሁን ደግሞ ቤት ልትከራይላት ትዞራለች። የያዝኩት ምስጢር አንገቴ ድረስ ሞላኝ፤ ለአባቴ እንዳልነግረው አዘንኩለት፣ እናቴ ፊት እንዳላፈርጠው ፈራሁ።

እናቴ ላውንደሪ ነበራት። ከፊት ልብስ መቀበያ መስኮት፣ መሀል ላይ ማጠቢያና መተኮሻ፣ ከኋላ ደግሞ ሻይ የሚፈላባት ጠባብ ክፍል። እኔ ያደግሁት በእንፋሎትና በሳሙና ሽታ ውስጥ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ማኅበር የተጀመረውም እዚያው ነው። እኔ ገና ጡት ሳልጥል አንድ ወጣት ያለችውን አንድ ሸሚዝ ሊያሳጥብ መጣ አሉ፤ ለሥራ ፈተና ሊቀርብባት ነው። ሸሚዟ እስክትደርቅ ጋቢ መሳይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እናቴም «የት ነው የምታድረው?» አለችው። ያደገው በሕጻናት ማሳደጊያ ነው፤ ዕድሜው ስለሞላ አሰናብተውታል፤ የሚያድረው ደግሞ በመናኸሪያ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ አርፋ አልተቀመጠችም። አባቴን ጎተተች፤ ደንበኛዋ የነበሩትን ጡረተኛ መምህርትንም ጎተተች። ሦስቱ ሆነው ከማሳደጊያ ለሚወጡ ልጆች ክፍል እየፈለጉ፣ ዋስ እየሆኑ፣ ፍራሽና ድስት እየለመኑ ማስገባት ጀመሩ። ችግሩ አከራዮቹ ነበሩ። ወላጅ የሌለውን ልጅ በራቸው ላይ ሲያዩት ሌባ የመጣ ይመስላቸዋል። ያኔ እኔ ከዚህ ሁሉ የማውቀው እናቴ ብዙ ጊዜ ቤት እንደሌለች ብቻ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በፕላስቲክ ተሸፍነው ከተሰቀሉት ኮቶች ኋላ ተደብቄ ስጫወት፣ ሦስቱም የሻይዋ ክፍል ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ጆሮዬን አቆምኩ።

«እስከ መቼ ነው የምንዋሸው?» አሉ መምህርት። ሲናገሩ ሁሉ ክፍል ፊት የቆሙ ይመስላሉ። «ይህ ነገር አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም።»

«ካልዋሸሁስ ማን ይቀበላታል? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ!» አለች እናቴ።

«እኔም እኮ አባቷ ነኝ ብዬ ፈርሜላታለሁ» አለ አባቴ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ አለ። «ለዚያኛው ልጅም ፈርሜያለሁ፤ ከእሱ በፊት ለነበረውም እንደዚሁ። ልጆቻችን እየበዙ ነው፣ ሴትዮ!»

«ሚጢስ?» አሉ መምህርት። «ሚጢ» እኔ ነኝ።

«እሷ ገና ልጅ ናት» አለች እናቴ። «አይገባትም።»

አይገባትም! ሁሉም ገብቶኝ የለም እንዴ! አባቴም ያውቃል ማለት ነው። ያውቃል ብቻ ሳይሆን፣ አንድ አይደሉም፣ ሦስት ናቸው። በኩሯ ቀርቶ ሁለተኛም ሦስተኛም አልነበርኩም፤ አራተኛ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ከኮቶቹ ኋላ እንደተቀመጥኩ የአንዱን እጅጌ ነክሼ አለቀስኩ። የማን ኮት እንደነበር እንጃ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ያን ቀን ሦስቱ ይጨነቁ የነበረው አከራዮቹን ስለመዋሸታቸው ነበር። መምህርት ውሸቱን ጠልተውታል፤ ልጆቹ ኑሯቸውን በውሸት እንዲጀምሩ አልፈለጉም። እናቴ ደግሞ ሶፋ ላይ ለሚያድር ሰው እውነት ጣሪያ አይሆነውም ባይ ነበረች። በስምንት ዓመት ጆሮ ግን «አባቷ ነኝ» ማለት አባቷ ነኝ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ረጅሟን መመርመር ሆነ። ያኔ የምታድረው መምህርት ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር፤ ቀን ቀን እናቴ ጋ እየመጣች ታግዛለች። ጆሮዋን አየሁ፤ መስታወት ፊት ቆሜ የእኔን አየሁ። አገጯን አየሁ፤ የእናቴን አየሁ። ስትስቅ እንዳይ ጠበቅሁ፣ አትስቅም። ስትራመድ ግን እንደ እናቴ ቀኝ ትከሻዋን ቀደም ታደርጋለች። በቃ፣ ይኸውላችሁ! (ቀኝ ትከሻዋን ቀደም የምታደርገው ከባድ የልብስ ቅርጫት በግራ ጎኗ ስለምትሸከም ነው፤ እናቴም እንደዚያው። ይህን የተረዳሁት ራሴ ቅርጫቱን መሸከም ስጀምር ነው።)

ከሁሉ የባሰው ካውያው ነው። እኔ ካውያው አጠገብ መድረስ አይፈቀድልኝም። «ትቃጠያለሽ፣ ወዲያ በይ» ነው መልሱ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ እናቴ ከረጅሟ ጀርባ ቆማ፣ እጇን እጇ ላይ ደርባ ሸሚዝ ስታስተኩሳት አየሁ። እናቴ አጭር ስለሆነች በረጅሟ ክንድ ሥር አንገቷን አስግጋ ነበር የምታየው። «አንገትጌው ከጫፍ ወደ መሀል… እንደሱ። አትፍሪው። ካውያ የሚፈራውን ሰው ያውቃል» ትላታለች። ድምፅዋ እኔ ትኩሳት ሲይዘኝ ብቻ የማገኘው ድምፅ ነበር። ሁለት እጆች ባንድ ካውያ ላይ ሆነው ነጩ ሸሚዝ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።  ደብተሬን መሬት ላይ ወረወርኩት። ማንም ዞሮ አላየኝም።

መምህርት ልጃቸው ልትወልድ እሳቸው ጋ ልትመጣ ስለሆነ ረጅሟ ቶሎ ክፍል ማግኘት ነበረባት። እናቴ አንዲት ጥሩ ቤት አገኘሁ አለች። ይዘናት ሄድን። አባቴ ሥራ ላይ ነበር።

አከራይዋ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ የሚሄዱ፣ ሳቂታ ባልቴት ነበሩ። ክፍሏ ፀሐይ የሚገባባት፣ ግድግዳዋ ገና በቅርቡ ቀለም የተቀባ፣ መስኮቷ ወደ ሎሚ ዛፍ የሚያይ ነበረች። ረጅሟ እንደገባች ክንዶቿን ዘርግታ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለካች፤ ከዚያ አልጋው ሊሆን ይችላል ያለችው ቦታ ላይ ቆመች፣ ጠረጴዛው ሊሆን ይችላል ያለችው ቦታ ላይ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው የምታውቅ ሰው መሰለች።

«የበኩር ልጄ ናት» አለች እናቴ፤ እንደ ልማዷ። «ሥራዋም እኔው ጋ ነው።»

«ታድያ ምን ችግር አለ! እናት ያላት ልጅ!» አሉ ባልቴቷ። እናቴ ቧንቧውን ልይ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ሦስታችን ቀረን። ባልቴቷ ጎንበስ ብለው ጉንጬን ቆነጠጡኝ።

«እህትሽ እኮ ታምራለች! በቁመት ትብለጥሽ እንጂ ቁርጥ አንቺን ነው የምትመስለው።»

ይህን ባይሉ ኖሮ ዝም እል ይሆን ነበር።

«እህቴ አይደለችም» አልኩ።

«እንዴ! ተጣልታችኋል?»

«እህቴ አይደለችም! እናቴም የእሷ እናት አይደለችም። የኔ ብቻ ናት።»

በሕይወቴ ከዚያ የባሰ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም ብዬ ነበር የማስበው። መሬት ተከፍታ እስክትውጠኝ ጠበቅሁ። ባልቴቷ ሳቃቸውን ፊታቸው ላይ እንደያዙ ቀስ ብለው ወደ ረጅሟ ዞሩ። እሷ መስኮቱ አጠገብ ቆማ አንድ እጇን ክፈፉ ላይ አሳርፋለች። ሊያስተባብል የሚችል አንድ ቃል ነበራት፤ «ሕጻን ናት፣ ቀንታ ነው» ማለት በቂ ነበር። አላለችም።

«እውነቷን ነው» አለች። «ወላጅ የለኝም። ያደግሁት ማሳደጊያ ነው። እሳቸው ሊረዱኝ ብለው ነው።»

እናቴ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ገባች። ባልቴቷ ነጠላ ጫማቸውን ትክ ብለው እያዩ «እውነቱን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሏት።

«ብነግርዎት ያከራዩኝ ነበር?»

 ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ለመዋሸት አልፈለጉም፣ እውነቱን መናገርም ከበዳቸው። በሩን ይዘው እስክንወጣ ጠበቁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እናቴ ከረጅሟ ጎን ተቀመጠች፤ እኔ ፊት ለፊታቸው። እጇን ይዛታለች። እኔ ቁጣዋን እየጠበቅሁ ነበር፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ «እማዬ፣ ትቆጪኛለሽ?» አልኳት።

«የጠየቁሽን መለስሽ። ምን ብዬ ነው የምቆጣሽ?»

እኔ የተረዳሁት በሌላ መንገድ ነው። ረጅሟ እናቴን ካደቻት ብዬ ነው ያሰብኩት። በሰው ፊት «እናቴ አይደለችም» አለቻት፤ እናቴም ከፍቷት ነው ዝም ያለችው። በሆዴ «እሰይ!» አልኩ። ካሁን በኋላ እንደ ፊቱ አትወዳትም። ያሸነፍኩ መስሎኝ መስኮቱን እያየሁ እግሬን አወዛወዝኩ።

ድሌ እስከ ቤታችን በር ድረስ ብቻ ቆየ። እናቴ ቦርሳዋን ገና ሳታስቀምጥ «ቤት እስክናገኝ ድረስ እሷ ካንቺ ጋር ታድራለች» አለችኝ። ከእኔ ጋር! ክፍሌ ውስጥ! አልጋዬ ላይ!

አልጋው ለአንድ ሰው የተሠራ ነው። እግሯ ከጫፉ አልፎ ይንጠለጠላል፤ ስትገላበጥ እኔ ግድግዳው ላይ እለጠፋለሁ። ጠዋት ጠዋት ከእኔ በፊት ተነስታ ብርድ ልብሱን ታጥፋለች፤ ከዚያ ልብሶቿን በሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና ዚፑን ትዘጋለች። በየቀኑ! እኔ ልብሴን የትም ስለምጥል፣ ለእናቴ ማን ንጹሕ እንደሆነ ልታሳይብኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩባት። ስትበላ ሳህኑን ቀና ሳትል ትጨርሳለች፤ ስግብግብ አልኳት በሆዴ። ለሁሉ ነገር ታመሰግናለች። ውሃ ሲያቀብሏት ታመሰግናለች፣ ሲያልፉ ቦታ ሲለቁላት ታመሰግናለች። እናቴም «ኧረ ልጄ፣ ለውሃ አይመሰገንም» እያለች ጀርባዋን ትዳብሳለች። ይኸው፣ በማመስገን ጀርባ አስዳበሰች! እኔም አንድ ቀን ሞከርኩት። «እማዬ፣ ስለ ውሃው አመሰግናለሁ» አልኳት። «ምን አጥፍተሽ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ብዙ ወጣቶች ወደ ማኅበሩ ሲገቡ አይቻለሁ። ዚፑ የተዘጋ ቦርሳ አልጋ ሥር ሳይ አውቀዋለሁ። «ውጣ» ሲባል ሊወጣ የተዘጋጀ ሰው ቦርሳ ነው። ያኔ ግን የቅናት ዓይን ነበረኝ፤ የቅናት ዓይን ደግሞ ቦርሳውንም ለነገር ያየዋል።

አንድ ቀን እናቴ የሆቴል አንሶላ እንድንሰጣ ሁለታችንን ወደ ሰገነቱ ላከችን። ፀሐይ ነው፤ ነፋስ አለ። እኔ መቆንጠጫዎቹን የያዘውን ባልዲ ይዤ አቀብላታለሁ፤ እሷ በዚያ ቁመቷ ገመዱ ላይ ለመስቀል መንጠራራት እንኳ አያስፈልጋትም። አንሶላዎቹ በዙሪያችን ነጭ ክፍል ሠሩ። ማንም ሊሰማን የማይችልበት ቦታ ከእሷ ጋር ስሆን የመጀመሪያዬ ነበር፤ በሆዴ የያዝኩት ሁሉ ድንገት አፌ ላይ መጣ።

«እናቴ አንቺን ስትወልድ ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ምን?»

«አውቃለሁ እኮ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። የት ነበር የደበቀችሽ? እነዚያ ሁለቱስ ወንድሞችሽ?»

መጀመሪያ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ስትስቅ እንዳይ ስንት ቀን ጠብቄያለሁ፤ ስትጀምረው ደግሞ አያልቅ! ሆዷን ይዛ እስክትጎብጥ ሳቀች፤ የያዘችው አንሶላ ባልዲው ላይ ወደቀ። የፊት ጥርሶቿ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል፤ እናቴን በጭራሽ አትመስልም። ከዚያ ሳቋ በመሀል ቆመ፣ ሰገነቱ ወለል ላይ እንዳለች ቁጭ አለች።

«እውነት መስሎሽ ነው?» አለችኝ።

«እውነት አይደለም?»

 መቆንጠጫ አንስታ እየከፈተች መዝጋት ጀመረች።

«ስንት ቤት እንደዞርን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «እናትሽ ለስንት ሰው እንደዚያ እንዳሉ? እኔን አንዴ፣ እሳቸውን አንዴ ያዩና አንዳቸውም አያምኑም። እኒያ ባልቴት እንኳ ትመሳሰላላችሁ ያሉት ለጨዋታ ያህል ነው። በዚህ ዓለም ላይ እኔ እናት እንዳለኝ ያመንሽ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ታድያ አይደለችም?»

«ትንሽ ቆዪ» አለች። «ይህን አንሶላ ሰቅለን እስክንጨርስ እንደዚያው እያመንሽ ቆዪልኝ። ከዚያ እነግርሻለሁ።»

መቆንጠጫ አቀበልኳት። ሁሉንም ሰቀልን። እንዳለችውም ነገረችኝ፤ ማን እንደወለዳት እንደማታውቅ፣ ማሳደጊያው ውስጥ አልጋዎቹ በቁጥር እንደሚጠሩ፣ የእናቴ ቃል ለአከራዮቹ ብቻ የሚባል ቃል እንደሆነ። እኔ እፎይ አልኩ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል። በኩር ነኝ! አንድዬ ነኝ! ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

ከዚያ ግን ነገሩ ተገልብጦ መጣብኝ። እናቴ ረጅሟን ከወለደቻት ትወዳታለች፤ ግዴታዋ ነው፣ እኔንም የምትወደኝ እንዲሁ ነው። ካልወለደቻትስ? ካልወለደቻት ማንም ሳያስገድዳት፣ ከሰው ሁሉ መርጣ ነው እጇን የያዘቻት። እኔን ማን መረጠኝ? እኔ ዝም ብዬ ተወለድኩ። ይህ ሐሳብ ከመጀመሪያው ቅናት የከፋ ነበር። የመጀመሪያው ቢያንስ በዳይ ነበረው።

ይሁንና አንድ ነገር ተለወጠ። በልቤ እሰድባት የነበረውን በአፌ መስደብ ቻልኩ። «እግርሽን ሰብስቢ፣ አንቺ መሰላል!» አልኳት በማግሥቱ። አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር በራ። «አንቺ ቁንጫ!» አለችኝ። በብርድ ልብስ ተጓተትን። በማበጠሪያ ተጣላን። ቆነጠጠችኝ፤ ነከስኳት። ስሜን ረስታው «ቁንጫ» ሆኜ ቀረሁ። እናቴ ከኩሽና ሆና «ምንድን ነው እሱ?» ስትል ሁለታችንም ባንድ አፍ «ምንም!» እንላለን። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ «አመሰግናለሁ» ብላኝ አታውቅም።

ባልቴቷ መልስ ያጡለት የእናቴ ጥያቄ ደግሞ መምህርትን አላስተኛቸውም ነበር። «ልጅቷ እኮ ከሁላችን ቀድማ እውነቱን ተናገረች» እያሉ እናቴን ወጥረው ያዟት። «እኛ ለምንድን ነው በእናትነት የምንለምነው? ማኅበሩ ራሱ ይከራይ፤ በራሱ ስም!» እናቴ ቶሎ የምትሸነፍ ሴት አልነበረችም፤ ሦስት ጊዜ ተኳርፈው ሦስት ጊዜ ታረቁ። በመጨረሻ፣ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ የተዘጋ አሮጌ ክሊኒክ ተገኘ። ባለቤቱ ማንም የማይፈልገው ሕንፃ ስለነበረ የተከራዩን ዘር አልጠየቀም። አባቴ ከሥራ ሲወጣ ግድግዳ ቀባ፤ መምህርት በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል ላይ ወጥተው አምፖል ቀየሩ። የሐኪም ክፍል የነበሩት ሁሉ መኝታ ሆኑ። የመጀመሪያዋ ገቢ ረጅሟ ነበረች።

ዕቃዋን ያስገባን ዕለት እኔ ክፍሌን መልሼ ስላገኘሁ መደሰት ነበረብኝ። ፍራሹን አባቴና አንድ የሰፈር ልጅ ተሸከሙ። እናቴ አዲስ ድስት ገዝታላት በሁለት እጇ እንደ ሕጻን ታቅፋለች። ረጅሟ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋችብን። ቁልፉ ሲዞር ሰማን። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ተያየን።

«ምን ሆነች?» አለች እናቴ።

«ተያት» አለ አባቴ። «ትሞክረው።»

እኔ ሄጄ አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ፤ ድምፅዋ ይስቅ ነበር።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ክፈቺ፣ አንቺ መሰላል!»

በሩ ትንሽ ተከፈተና አፏ ጆሮዬ አጠገብ መጣ። የተንሾካሾከችልኝ ስድብ እስከዚያ ቀን ከሰደበችኝ ሁሉ የረቀቀ ነበር። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ተቀባይ ሆና «ግቡ» አለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው። እናቴን «አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለች ድስቱን ተቀበለቻት፤ ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት። ወንበሩን ግን በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው። «ተቀመጪ፣ ቁንጫ። እንዳትዘዪበት።»

ቀና ብዬ እናቴን አየሁ። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ነበር። ደክሟት ነው አልኩ ያኔ። ዛሬ ያንን ፊት አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ከመስታወት ውስጥ አይቼዋለሁ።

ስንመለስ አባቴ ቀድሞን ሄደ። እኔና እናቴ ጎን ለጎን ተጓዝን።

«ምን አለችሽ?» አለችኝ ድንገት።

«መቼ?»

«በሩ ላይ። ስትንሾካሾኩ።»

«ሰደበችኝ።»

«ምን ብላ?»

እኔ ጠጠር በእግሬ እየመታሁ ሄድኩ። እናቴ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል «እኔን አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም» አለች። «ብቆጣት ታመሰግነኛለች። ሸሚዝ ስታቃጥል ጮኼባታለሁ፤ አመሰገነችኝ። ይኸው አንድ ዓመት ሙሉ ቤቴ ኖራ በር እንኳ አላጋጨችብኝም።» ቆመች፤ እኔም ቆምኩ። ክንዴን ያዘችኝ። «ንገሪኝ እስቲ። ምን ብላ ነው የሰደበችሽ?»

እናቴ ከእኔ አንድ ነገር ስትለምን ያኔ የመጀመሪያዋ ነበር። እሷ የሌላት፣ ልታገኘውም የማትችለው፣ እኔ ግን ያለኝ ነገር። ከላይ እስከ ታች ሞቀኝ።

«አልነግርሽም» አልኳት። «የሁለታችን ነው።»

እናቴ ክንዴን ለቀቀችው፤ አኩርፋም ጥላኝ ወደፊት ሄደች።